አንድም ቀን ያልቀረች

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው ቦሌ ቡልቡላ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ሲሆን፣ ካልተሳሳትሁ በወጣትነቴ ዘመን ጤፍ ይዘራበት የነበረ ሜዳ ነው። ልጄ ሥራ ስለገጠመው በእሱ ፋንታ ሄጄ ከኋለኛው ረድፍ ተቀመጥሁ። የመወያያ ነጥቦቹ ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ምሳ ዕቃና ስለ ደንብ ልብስ ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን «ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀሩ ለተማሩ ልጆች ሽልማት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ» ይላል። ርእሰ መምህርቷ፣ ትሑት ወጣት ናት፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ መሆኔን ስለምታውቅ መጀመሪያ እኔ እንድናገር ጋበዘችኝ። እኔ ግን ሌሎች ይቅደሙ አልሁ።

ሌሎች ቀደሙ። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ተነሥቶ የእሱ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንደማያውቅ፣ ነገር ግን እንቅልፉን የሚጨርሰው ክፍል ውስጥ መሆኑን ገለጸና «እንግዲህ እሱም ይሸለም ከተባለ እኔ አልቃወምም» አለ። ተሳቀ። አንዲት እናት ደግሞ ሽልማቱ የሚገባው ለልጁ ሳይሆን በታክሲ ሰልፍ ወገቧ ለተቆረጠው እናት ነው አሉ፤ ይህም ተጨበጨበለት። በዚህ መካከል የተሰብሳቢዎች ስም መመዝገቢያ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኔ ዘንድ ደረሰ። ከእኔ ቦታ ሦስት መስመር ከፍ ብሎ፣ ፊደሎቹ እንደ ተማሪ ደብተር በጥንቃቄ ተለቅመው፣ «ዘሃራ ይመር» የሚል ስም ሰፍሯል። እስክሪብቶውን እንደያዝሁ ቀረሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ያላየሁ መስሎት «አባቴ፣ እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት» ብሎ በጣቱ አሳየኝ።

ያን ስም አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስጠራው ከርሜአለሁ። ዘመኑን በትክክል ለመናገር እቸገራለሁ፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ነገር ግን ሞባይል የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት፣ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ፎቆች አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ማለት በጀመሩበት ጊዜ ነው። ዘግይቼ ከገባሁበት ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ ዕድሜዬ ግን ሠላሳን አልፎ ነበር። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ፣ እንዲሁም የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ክንዱ ትንሽ ያጥር ስለነበር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጅጌው ወደ ክርኔ ይሸሻል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጭቃውን በኮንጎ ጫማ ካቋረጥሁ በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ቤት ገብቼ እቀይር ነበር። ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ የትኩስ ጣውላ፣ ከበያጆቹ ደጅ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። ዛሬ በዚያ ሳልፍ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ለብሷል፣ ሕንፃዎቹም ሰማዩን ሸፍነውታል፤ የትምህርት ቤቱን በር ለማግኘት ሁለት ጊዜ ሰው ጠይቄአለሁ።

ጠዋት ጠዋት የምሳፈረው ከኦሎምፒያ ነበር። መታጠፊያው ላይ የነበረው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንዱን የናፍቆት ዘፈን ሳይታክተው ያጫውት ነበር፤ ዜማው ዛሬም አፌ ላይ አለ፣ ግጥሙ ግን ጠፍቶኛል። ከጎኑ በነበረው ኬክ ቤት ማኪያቶ ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር። ባለቤቴ አንድ ብር ነበር ትላለች፤ በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ተከራክረናል፣ አሁን አሁን ግን ልክ የሆነችው እሷ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ። ዳቦ ሠላሳ ሳንቲም፣ ቢክ እስክሪብቶ ስልሳ፣ ታክሲ ሃምሳ ሳንቲም ይመስለኛል። ታክሲ ስል የዛሬውን ሚኒባስ አይደለም፣ ውይይትን ነው፤ ከኋላዋ በሸራ የተከደነች፣ ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት፣ ኦሎምፒያ የተጀመረ ወሬ ሚካኤል ሳይደርስ የማያልቅባት መኪና።

የዘሃራ አባት ጋሽ ይመር የአንዲቱ ውይይት ሾፌር ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ከአናታቸው ቆብ፣ ከአፋቸው መፋቂያ የማይለይ። ልጃቸውን በየማለዳው ጋቢና አስቀምጠው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያወርዷት ነበር። እኔንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ያሳፍሩኝና ሒሳብ አልቀበልም ይላሉ፤ በእሳቸው ደንብ የልጅ አስተማሪ ከፍሎ አይሄድም። አንድ ቀን ከጎናቸው ተቀምጬ ስለ ልጅቷ ውጤት ላስረዳቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ማርክ የሚሉትን እኔ አላውቀውም፣ አልተማርኩም» አሉ። «መገኘቷን ግን አውቃለሁ፤ የማደርሳት እኔ ነኛ። ስንት ቀን ቀረች?»

አንድም ቀን እንዳልቀረች ነገርኋቸው። መሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና እሳቸው የሚሹት እሱን ብቻ እንደሆነ፣ ጃንጥላውንም ቤታቸው የት ጋ እንደሚሰቅሉት ከወዲሁ እንዳሰቡ አጫወቱኝ።

ጃንጥላው ሽልማቱ ነበር፤ ሽልማቱም የእኔ ሐሳብ። ማንም አላዘዘኝም። ልጆች ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ሰፈር ውስጥ ሠርግ ወይም ለቅሶ በሆነ ቁጥር ይቀሩ ነበርና፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ዓመቱን ሙሉ ያልቀረ ተማሪ ይሸለም አልሁ። የእንጨት እጀታ ያለው ጥቁር ጃንጥላ ተገዛ፤ ልጆቹ እያዩት እንዲጓጉም ዓመቱን ሙሉ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ከሥሩ ደንቡን በራሴ እጅ ጽፌ ለጠፍሁ፦ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት የወጣ ተማሪ እንደ ቀረ ይቆጠራል። የእጅ ጽሑፌ ያን ጊዜ ያምር ነበር። በመስከረም ሰባ ያህል ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ኩፍኝ፣ ጥምቀት፣ የአክስት ሠርግ፣ የጠፋ ጫማ እያለ አንድ በአንድ ወጡና በግንቦት መጨረሻ ውድድሩ ውስጥ የነበረችው ዘሃራ ብቻ ሆነች። ሰማያዊ ሹራቧ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ፣ ስሟ ከዝርዝሩ መጨረሻ ስለሆነ «አቤት» ለማለት ረጅም ጊዜ ቀጥ ብላ የምትጠብቅ ልጅ።

ስለዚያ ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። የትምህርት ቤቱ ሰማይ የአውሮፕላን መንገድ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ የምንናገረውም አይሰማም፤ ስለዚህ መምህራን ሁላችን አንድ ልማድ ነበረን። ጠመኔያችንን አየር ላይ እንደያዝን ዝም እንላለን፣ ተማሪዎቹም ዝም ይላሉ፣ እስኪያልፍ ድረስ። ካለፈ በኋላ ግን እኔ የት ላይ እንደነበርሁ ይጠፋኛል። ያኔም እንዲህ ነበርሁ፤ መርሳቴን እርጅና ብቻ ያመጣው አይደለም። ከፊተኛው ወንበር ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነበሩ» ብላ የመጨረሻዋን ቃል የምታቀብለኝ ዘሃራ ነበረች።

ያ ቀን የዓመቱ የመጨረሻው የትምህርት ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፈተና ስለሆነ ስም አይጠራም። ፈረቃችን የጠዋት ነበርና ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንለቃለን። አምስት ሰዓት ግድም ዘበኛው አንድ ሰው አስከትሎ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ሰውየው ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ ጎልማሳ፣ የጋሽ ይመር ባልንጀራ፣ እንደ እሳቸው የውይይት ሾፌር ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ዘሃራን ሊወስዳት መምጣቱን ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው አባቷን ትንሽ እንዳመማቸው፣ ብትሄድ ደግ እንደሆነ ተናገረ። ሲናገር ፊቴን ሳይሆን በበሩ ክፍተት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጃንጥላ ያይ ነበር፤ ወይም አሁን እንደዚያ ይመስለኛል።

በአገራችን ሞት በር ላይ ቆሞ አይነገርም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መርዶን የሚናገረው ሰው ሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ የሚደግፍ ክንድ አዘጋጅቶ ነው። ለልጅማ በመንገድ ላይ ጨርሶ አይነገራትም፤ ለአስተማሪዋም አይነገርም፣ ፊቱ እንዳያሳብቅ። ይህን አውቃለሁ፤ በዚሁ ወግ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጋሽ ይመር በዚያን ጠዋት ልጃቸውን አድርሰው ኦሎምፒያ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው በዚያው ማረፋቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ አከለ፤ «ለዙሁር እንድትደርስ ነው» አለኝ። እኔ የሰሜን ሸዋ ቄስ የልጅ ልጅ ነኝ። ዙሁር የቀትር ሶላት እንደሆነ አውቅ ነበር። ሙስሊም ሬሳ እንደማያሳድር፣ በቀትር ከተሰገደበት በኋላ ወዲያው ወደ መቃብር እንደሚሄድ ግን ያን ጊዜ አላሰብሁም። በእኛ ዘንድ ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ ይጠበቃል። ለበሽተኛው ሊጸለይለት ይሆናል አልሁ። ይህን ማለቴን እርግጠኛ ነኝን? የሰውየውን ዓይን አይቻለሁ። ያየሁትን አውቄ እንደሆነ፣ ወይስ ማወቅ አልፈልግ ብዬ እንደሆነ፣ ይኸው እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም።

ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ እንደቀራት ነገርሁት። ደንቡን አስረዳሁት። ዓመቱን ሙሉ ለፍታ አሁን ብትወጣ እንደ ቀረች እንደሚቆጠርባት፣ ከማንም በላይ የሚያዝኑትም አባቷ እንደሚሆኑ፣ በትዕግሥት፣ በተማረ ሰው አነጋገር አብራራሁለት። ፎጣውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አለኝና ሄደ።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንዲህ ሳስታውሰው ኖሬአለሁ። ወደ ክፍል ተመለስሁ፤ ዘሃራን ወደ በሩ ጠራኋት፤ አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል አሉ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትጨርሻለሽ ብዬ ጠየቅኋት። አሰብ አድርጋ «ልጨርስ ቲቸር፣ አባዬ ራሱ እንዳልቀር ነው የሚፈልገው» አለችኝ። ለባለቤቴ የነገርኋት ይህን ነው። ለንስሐ አባቴም የተናዘዝሁት ይህንኑ ነው። ልጅቷን ጠይቄአት ነበር፤ የመረጠችው እሷ ናት። የክብ ስፋት ነበር የማስተምረው።

ደወሉ ሲደወል ከስሟ አጠገብ የዓመቱን የመጨረሻ ምልክት አደረግሁና ጃንጥላው የእሷ መሆኑን ነገርኋት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አብረን እስከ ውጭው በር ወጣን። እንደቆምን ከሚካኤል በኩል ውይይቶች ተሰልፈው መጡ። አሥር ይሆናሉ፣ አሥራ አምስትም ይሆናሉ፤ በጠራራ ፀሐይ መብራታቸውን አብርተዋል፣ ወንዶች ጢቅ ብለው ተሳፍረውባቸዋል፣ አንድም የሚነጋገር ሰው የለም። በዚያች መኪና ላይ ዝም ያለ ተሳፋሪ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከፊት የምትመራው የጋሽ ይመር መኪና ነበረች። ዘሃራ ዐወቀቻት። እንደ ወትሮዋ ልትሳፈር እጇን አነሣች፤ ደብተሮቿን በብብቷ እንደያዘች እስከ መንገዱ ጠርዝ ሮጠች። መሪውን የያዘው አምስት ሰዓት ላይ የመጣው ሰው ነበር። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ አልቆመም። ሬሳ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ለልጅ መርዶ አይነግርም። አባቷ በገዛ መኪናቸው ተጭነው፣ በየማለዳው በሚያወርዷት በር ላይ፣ በአጠገቧ አለፉ።

«ቲቸር፣ የአባዬ መኪና እኮ ናት» አለችኝ ዞር ብላ፣ ሾፌሩ ያላያት መስሏት።

የመኪኖቹን ብዛት እጠራጠራለሁ፤ ቀኑንም እጠራጠራለሁ። ያነሣችውን እጅ ግን አልጠራጠርም። ከፍ እንዳደረገችው ብዙ ቆየች፤ ከኋላ ከሚመጡት አንዱ ቢቆምላት ብላ ይመስለኛል። ከዚያ ቤት ድረስ ሸኘኋት፤ በመንገድ ላይ ምን እንደተነጋገርን አንድም ቃል አላስታውስም። ግቢው ሳንደርስ የሴቶቹን የለቅሶ ድምፅ ሰማች።

በማግሥቱ ከመምህራን ጋር ለቅሶ ሄድን። ያ ሾፌር ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፤ «ይቀመጡ መምህር» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረኝም። ልንወጣ ስንል የዘሃራ እናት ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው መጡና ልጃቸው በመጨረሻው ቀንም አለመቅረቷ እውነት እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኋቸው። «እሱም ይኸንኑ ነበር የሚሻ» አሉና መረቁኝ። ያን ምርቃት እስከ ዛሬ የት እንደማኖረው አላውቅም።

በሰኔ መጨረሻ፣ በመዝጊያው ቀን፣ ከሁሉ በፊት የተጠራው የእሷ ስም ነበር። ፀጉሯን በነጭ ሻሽ ሸፍና መጣችና ጃንጥላውን ከእጄ በሁለት እጇ፣ ዝቅ ብላ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀበለችኝ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ወዲያው ዶፍ ዝናብ ጣለ። ልጆቹ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልለው ሲንጫጩ እሷ ብቻዋን በሜዳው መካከል ሄደች፤ ጃንጥላውን ሳትዘረጋ፣ ከደረቷ ጋር አጣብቃ፣ እየራሰች። በመስከረም ከልጆቹ ጋር ወደ ስምንተኛ ክፍል አልፌ ስም ስጠራ «ዘሃራ ይመር» አልሁ፤ አቤት የሚል አልነበረም። እናቷ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደሴ መመለሳቸውን ጎረቤቶች ነገሩኝ። ሽልማቱን በዚያው ዓመት አስቀረሁት። ባልደረቦቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ልጆቹ እየተጣሉበት ነው ብዬ ዋሸሁ።

በቅዳሜው የቡልቡላ ስብሰባ ድምፅ ተሰጠና ሽልማቱ በብዙ እጅ አለፈ። እኔ እጄን ለድጋፍም ለተቃውሞም አላነሣሁም። መናገር የሚገባኝን ሁሉ ዐውቃለሁ፤ ልጅ ዘወትር ትምህርት ቤት መገኘቱ መልካም መሆኑን፣ የሚሸለም ነገር ግን የሚጠበቅ ነገር እንደሚሆን፣ የሚጠበቅ ነገርም መቅረት በሚገባው ልጅ ላይ በር እንደሚዘጋ። አልተናገርሁም። ሰው ሲበተን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ቡናማ ሒጃብ የለበሰች፣ ሙሉ ሰው የሆነች ሴት መጣች፤ ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት። «ቲቸር» አለችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰችው ካገባች በኋላ እንደሆነ፣ ባሏ የጭነት መኪና እንደሚነዳ፣ አንዲት ልጅ አራተኛ ክፍል እንዳላት አጫወተችኝ። እኔም ልጅሽ ትሸለም ይሆናላ አልኋት። ፈገግ አለች።

«አትሸለምም። በዓመት አንድ ቀን እኔ ራሴ አስቀራታለሁ። አባቷ ከመንገድ የገባ ቀን አብራው ትውላለች። አስተማሪዋ ለምን ቀረች ሲሉኝ፣ አባቷ ጋ ነበረች እላቸዋለሁ።»

በዚህ ጊዜ፣ ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ። «ዘሃራ፣ ያን ቀን እኮ ጠይቄሽ ነበር። በሩ ላይ ጠርቼ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትጨርሻለሽ ብዬ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ።

«አልጠየቁኝም ቲቸር» አለች፣ ዝግ ብላ። «ሊወስደኝ ሰው እንደመጣ ያወቅሁት ከለቅሶው በኋላ ነው፣ ሰውየው ራሱ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቼ። እርስዎ በሩን ዘግተው ገቡና ቀጠሉ። ፐርሰንት ነበር የሚያስተምሩን። ሁለት መቶ ቀን ካለው ዓመት ሁለት መቶውንም ቀን የተማረ፣ መቶ ፐርሰንት ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

የማኪያቶን ዋጋ፣ የዘፈንን ግጥም፣ የመኪኖቹን ብዛት የሚጠራጠር ሰው፣ ልጅቷ «ልጨርስ ቲቸር» ማለቷን አንድም ቀን ሳይጠራጠር ኖረ። ከሁለታችን ማንን ማመን እንደሚገባኝ ደግሞ ግልጽ ነበር። ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው በዚያ ክፍል ውስጥ መገኘቷ በእኔው እጅ ጽሑፍ የተመሰከረላት እሷ ናት።

ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርሁ። «ዘሃራ፣ እኔ» እንዳልሁ ከኮንዶሚኒየሞቹ በላይ አውሮፕላን መጣ፣ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ። የድሮ ልማዴ ነውና ዝም አልሁ። እሷም እጆቿን አጣምራ ዝም አለች፣ እንደ ያኔው፣ ቀጥ ብላ። የቤቶቹ መስኮት ተንቀጠቀጠ፤ ጥላው በግድግዳዎቹ ላይ ሮጠ፤ እስኪያልፍ ጠበቅን። አለፈ። የት ላይ እንደነበርሁ ጠፋኝ። የመጨረሻዋን ቃል እንድታቀብለኝ ፊቷን አየሁ። ዘሃራ ምንም አላለችም።